የሚያዛጋ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር የነካ የአገሬ ሰው ሁሉ አንድ የጋራ ልማድ አለው። ማሽኑ የዘገየ ሲመስለው የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫንና «ሪፍሬሽ» ይላል። አንዴ ብቻ አይደለም፤ አምስቴ፣ ስድስቴ፣ አንዳንዱማ ጣቱ እስኪደክም። ባንክ ቤት አይቻለሁ፣ ቀበሌ አይቻለሁ፣ ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ጠረጴዛ ላይም አይቻለሁ። ማን እንዳስተማረን እንጃ፤ ብቻ ካንዱ ወደ አንዱ እንደ ጉንፋን ተላልፎ ሁላችንንም አዳርሷል። ይኼ «ሪፍሬሽ» የሚሉት ነገር ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ምስሎች እንደገና ከመሣል በቀር ለፍጥነት የሚያበረክተው ቅንጣት የለም። ምግብ ቤት ገብቶ የዘገየበት ሰው ጠረጴዛውን ደጋግሞ ቢወለውል ወጡ ቶሎ አይበስልለትም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ስለ ዘገምተኛ ኮምፒውተር ላወራችሁ ነው። ርዕሱ ለሥነ ጽሑፍና ለባህል መጽሔት የማይመጥን የመሰለው አንባቢ ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ። ዛሬ የዚህ አገር ጽሑፍ፣ ከልቦለዱ እስከ አቤቱታው፣ የሚወለደው በዚሁ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። ምጡ ሲረዝም የሚጎዳ ሰው አለ።

ተወልጄ ያደግኩት ወረታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ነች። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ከደጋው የሰበሰቡትን ውሃ ይዘው ይወርዱና ጣና ከመድረሳቸው በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ይንጋለላሉ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ለዘመድ ጥየቃ ሄድኩ። ጥር በወረታ የሩዝ ጊዜ ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦና ተወቅቶ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ከጧት እስከ ማታ ያገሣሉ። የአክስቴ ልጅ ካንደኛው መፈልፈያ ቤት ፊት ለፊት «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ የሰቀለች ባለ አንድ ክፍል ሱቅ አላት። የሱቁ ሀብት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ራፖር ጸሐፊ በእጁ የከተበለትን አቤቱታ የያዘ ገበሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ያንጠለጠለ ተማሪ፣ የጥሪ ወረቀት የሚያሳትም ሙሽራ፣ ሁሉም እዚያች አግዳሚ ላይ ተራውን ይጠብቃል።

የደረስኩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ርብ ዳር ባለ መሬታቸው ላይ ጎርፍ ድንበር ገፍቶባቸው ከጎረቤት ጋር ተካሰዋል፤ መልሳቸውን በዚያው ቀን መዝገብ ቤት ማስገባት አለባቸው። ሁለት ገጽ ጽሑፍ ናት። መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ነበርና ኮምፒውተሩ ከእንቅልፉ እየተነሣ ነው። አነሣሡን በሰዓቴ ያዝኩት። ስክሪኑ ላይ ምስሎቹ እስኪደረደሩ 7 ደቂቃ፤ ዎርድ የተባለው መጻፊያ እስኪከፈት ሌላ 4 ደቂቃ። ከዚያ ደግሞ የተመታው ፊደል ቶሎ አይወጣም። የአክስቴ ልጅ መስመሩን ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ፊደሎቹ ከኋላ ከኋላዋ እንደ ጫጩት ይከተሏታል።

«አልደረሰም፣ እቴ?» ይላሉ ሽማግሌው።

«ደረሰ አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ማሽኗ ናት።»

ፕሪንተሩ ሁለተኛዋን ገጽ ሲተፋ 11 ሰዓት ተኩል አልፏል፤ መዝገብ ቤቱም ተዘግቷል። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ወደ ደረታቸው ከተቱና «ይሁን፣ እሷም ደክሟት ነው» አሉ፤ ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነው። ገንዘቡን አልቀበልም፣ ትቀበያለሽ በሚል ጥቂት ተሟገቱና ወደ አንድ ዘመዳቸው ቤት አዘገሙ። ለሰኞ ደግሞ የዘገዩበትን ምክንያት የሚያስረዳ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱም የሚተየበው እዚያው ማሽን ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

ደንበኛ መሸሽ ከጀመረ ሰንብቷል። አስፋልቱ ዳር አዲስ ሱቅ ተከፍቷል። እሷም ሁለት ጊዜ ባለሙያ ጠርታ ሁለቱም ጊዜ የተሰጣት መልስ አንድ ነበር፤ «ፎርማት እናድርገው።»

ፎርማት የአገራችን የኮምፒውተር ጥገና አልፋና ኦሜጋ ነው። ድምፅ የለውም? ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ? ፎርማት። እርግጥ ማሽኑ ለጥቂት ወራት ይቀልለዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ተራግፎለታልና። ነገር ግን የአክስቴ ልጅ የ9 ዓመት ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። የውል ቅጾች፣ የደብዳቤ ናሙናዎች፣ የውክልና ጽሑፎች፣ የሰው ሁሉ ማመልከቻ። «ያን የዛሬ ሦስት ዓመት የጻፍሽልኝን» እያለ የሚመጣ ሰው አለ፤ ታወጣለታለች፣ ቀኑን ቀይራ ታትምለታለች። አስቀድሞ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ በቀር ፎርማት ማለት ነቀዝ ለማጥፋት ብሎ እህል የሞላ ጎተራ ማቃጠል ነው። መገልበጡን ጠይቃቸው «ያ ብዙ ጊዜ ይወስዳል» ብለዋት ነበር።

የእኔ ሙያ ሒሳብ ነው። ይሁንና ከ20 ዓመት በላይ ያረጁ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ሲያስለቅሱኝ ኖረው ባሕርያቸውን አስጠንተውኛል። ማሽን ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደያዘው ነው። በዚያው ማታ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ተጫንኩ። ታስክ ማኔጀር የተባለው ገበታ ይከፈታል፤ ማን ምን ያህል እንደሚበላ ስም እየጠራ ያጋልጣል። ያንን ገበታ የማያውቅ ተጠቃሚ፣ ወጪውን ሳያውቅ ደመወዙ የት እንደደረሰ እንደሚጠይቅ ሠራተኛ ነው። የእሷ ማሽን ዲስክ 100 በመቶ ተይዟል ይላል፤ ማንም ምንም ሳይሠራበት!

ማሽኗ ከውጭ አገልግላ የመጣች ናት። ስትገዛ የተጫነባት ዊንዶውስ 7 ነበር። አምራቹ ድርጅት ለእሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲያቆም አንዱ ባለሙያ ዊንዶውስ 10 ጫነባት። ያላት ራም 2 ጊጋ ባይት ነው። ለባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ዝቅተኛው ተብሎ የተጻፈው ልክ 2 ጊጋ ባይት ስለሆነ በወረቀት አልፋለች፤ በኑሮ ግን ወድቃለች። ራም ማለት የሥራ ጠረጴዛ፣ ሃርድ ዲስክ ማለት ዕቃ ቤት ነው እንበል። ጠረጴዛው ጠባብ ሲሆን ሠራተኛው ያንዱን ወረቀት ዕቃ ቤት አስቀምጦ የሌላውን ይዞ ለመምጣት ሲመላለስ ይውላል። ዕቃ ቤቱ ደግሞ ሩቅ ነው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህንና እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ ያለው መሣሪያ ነው፤ ተበታትኖ የተቀመጠ ነገር ፈልግ ሲባል በሰከንድ ከመቶ ፍለጋ ብዙም አያልፍም። ለእኛ መቶ ብዙ ይመስለናል፤ ለዊንዶውስ 10 ግን ማለዳ ላይ የሚያዛጋበት ብቻ ነው።

ማሽኑ ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ፕሮግራሞች ስቆጥር 19 ሆኑ። የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የሌለ ስካነር ረዳት፣ ማን እንደጫነው የማይታወቅ የአየር ጠባይ ነጋሪ። ከሁሉ የሚገርመው ሁለት አንቲ ቫይረስ መኖሩ ነው። ሁለት ውሻ አንድ ደጃፍ ላይ ሲናከሱ ሌባው ገብቶ ተቀምጧል፤ ፍላሽ ላይ ፎልደሮችን ሸሽጎ በምትካቸው አቋራጭ ምስል የሚያስቀምጠው፣ ሁላችንም የምናውቀው ቫይረስ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ይኼ ቫይረስ የያዘውን ፍላሽ ይዞ «ፋይሌ ጠፋ» እያለ የሚያለቅስ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ ተሸሽጎ እዚያው አለ። የተሸሸጉትን አሳይ የሚለውን ምርጫ መክፈት አንዳንድ ጊዜ ይበቃል። የሚያጠፋው «ፎርማት» የሚለው መልስ ነው።

ከ19ኙ 4ቱን ብቻ አስቀረሁ፤ አንዱን አንቲ ቫይረስ አባረርኩ፤ ለሌላው ማሽኑን አስፈተሽኩ። ጊዜያዊ ፋይሎቹን ጠረግኩ። (አንዳንዱ ሰው ፕሪፌች የተባለውንም ፎልደር አብሮ ይጠርጋል፤ ዊንዶውስ ፕሮግራም ቶሎ ለመክፈት የያዘው ማስታወሻ ነውና ባጠፋችሁት ቁጥር እንደ አዲስ ሲጽፈው ይኖራል።) ኢንተርኔቷን ከስልኳ ነው የምትወስደው፤ ዊንዶውስ ግን ይህን አያውቅምና ማሻሻያውን በስውር እያወረደ የገዛችውን ጥቅል ሲበላባት ኖሯል። ግንኙነቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ነገርኩት፤ ለዚያ የሚሆን ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ይህ ሁሉ ተደርጎ 7 ደቂቃው 5 ሆነ። ደስ አላት። እኔን አልበቃኝም።

ቅዳሜ ጧት የማሽኑን ክዳን ፈታሁት። ኧረ የሰው ያለህ! ማራገቢያውና ከሥሩ ያለው የብረት ክንፍ በሩዝ እብቅ ተደፍኖ የዶሮ ጎጆ መስሏል። ፊት ለፊት ያለው መፈልፈያ ቤት የሚተፋው ብናኝ በሩ ገብቶ፣ ማሽኑም መሬት ላይ ስለሚቀመጥ፣ ማራገቢያው ዓመት ሙሉ ሲስበው ኖሯል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን እንዳያቃጥል በገዛ ፈቃዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ደህና ሆና ከሰዓት በኋላ የምትሞተው ለዚህ ነው፤ ለዓመታት «ሙድ አላት» ሲባልላት የኖረው ሙድ እብቅ ነበር። በቀለም ብሩሽ ጠረግነው፣ ሙቀት አስተላላፊውን ቅባት ቀየርንላት፣ ጠረጴዛ ላይ አወጣናት። ሰው ማሽኑ ያረጀ ይመስለዋል፤ እኔ ካየኋቸው ግን ከእርጅና ይልቅ በአቧራና በማያስፈልግ ጓዝ የታፈኑት ይበልጣሉ።

ታዲያ የታፈነው ሁሉ በእኛ ጥፋት ነው? አይደለም። ኒክላውስ ቪርት የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የኮምፒውተር ሊቅ፣ ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ነግሮን ነበር። መሣሪያው ከሚፈጥንበት ይልቅ ፕሮግራሙ የሚንቀራፈፍበት ይበልጣል ባይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 95 በ4 ሜጋ ባይት ራም እሠራለሁ ይል ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ይላል፤ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። የሽማግሌው መልስ ግን ያኔም ቢሆን ሁለት ገጽ ነው፤ ዛሬም ሁለት ገጽ። ሺህ እጥፉ የት ገባ ብሎ መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል።

የፎገራ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አንድ ብልሃት ያውቃል። ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ማንጣፈፍ አቅም የሚጠይቅ ነገር ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግናና ሻጋ በተባሉ ቦታዎች ሩዝ ተሞከረ፤ ውሃውን ከማባረር ውሃ የሚወድ ሰብል መዝራት ቀለለ። ከዚያች ቦታ ስሙን የወሰደው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ለረጅም ዓመታት ሜዳውን ሞልቶት ኖሯል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተተክሏል። በኮምፒውተርም እንዲሁ ይቻላል። ሊኑክስ ከተባለው ቤተሰብ ሉቡንቱና ዙቡንቱን የመሰሉ፣ በነፃ የሚገኙ፣ ለአሮጌ ማሽን የሚቀልሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አሉ። መሬቱ ካልተቀየረ ሰብሉን ቀይር ነው ነገሩ። ለተማሪ፣ ኢንተርኔት ብቻ ለሚያይ ሰው ዛሬም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ግን አልሆነም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ የአንዱን ጽሑፍ ያለ እሱ ፊደል ስትከፍቱት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይዘረገፋል። ልማዱ ደግሞ ከዩኒኮድ በኋላም ለብዙ ዓመት አለቀቀንም። ከ9 ዓመቱ ፋይል ግማሹ በዚህ መልክ የተጻፈ ነው፤ እጇም የለመደው ለዊንዶውስ የተሠራውን ፓወር ግዕዝ ነው። ዓይኗን ጨፍና የምትመታውን ፊደል እንደ አዲስ ልታጠና? ለዚያ የሚሆን ሁለት ወር ከየት ይመጣል? የኮምፒውተር ሰዎች «ሊኑክስ ጫኑ» ብለው ሲያበቁ የማያነሡት ጥያቄ ይኼ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜውኑ ባሕር ዳር ደርሼ ተመለስኩ። ሌላ 2 ጊጋ ባይት ያገለገለ ራምና ባለ 240 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ገዛሁ። ሁለቱ ተደምረው የአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ሩብ እንኳ አልሞሉም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህን የለውም፤ የሚመላለስ ክንድ የለውም። አሮጌው ዲስክ በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚፈልገውን ይህኛው በሺዎች ጊዜ ይፈልገዋል። ያረጀ ማሽን ላይ አንድ ነገር ብቻ መግዣ ያለው ሰው ይህንን ይግዛ፤ ፕሮሰሰሩን አይንካ፣ «ኮምፒውተር አፍጣኝ» እየተባሉ የሚሸጡ ፕሮግራሞችንም አይግዛ።

ከባዱ ነገር መገልበጡ ነበር። አሮጌው ዲስክ በውስጡ ቅ፣ ቅ የሚል ድምፅ ጀምሯል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋበት የኖረ ዲስክ ዕጣው ይኸው ነው። መጀመሪያ የ9 ዓመቱን ፋይል ለብቻው በውጭ ዲስክ ላይ ገለበጥን። ከዚያ ማታ ላይ ሙሉ ግልባጩን ወደ ኤስኤስዲው አስጀመርነው። የሚቆጥረው መስመር 60 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሱቁም፣ ሰፈሩም፣ መፈልፈያውም ጸጥ አለ።

«በቃ?» አለችኝ በጨለማው።

«አይ፣ እቴ፤ መገልበጥ ነው እንጂ ማዛወር አይደለም። አሮጌው ላይ ያለው እንዳለ ነው።»

እንዲህ ብላትም ያመነችኝ አልመሰለኝም። ጧፍ አብርተን ቡና አፈላች። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ከዜሮ ጀመርን። ንጋት ላይ አለቀ። አዲሱን ዲስክ አስገብቼ ማብሪያውን ስጫን ምስሎቹ እስኪደረደሩ 38 ሰከንድ ፈጀ። የመጀመሪያ ሥራዋ ፋይሎቿን አንድ በአንድ መክፈት ነበር፤ አንዱም አልጎደለም። ሰኞ ጧት የሽማግሌው ሁለተኛ ማመልከቻ እሳቸው አግዳሚው ላይ ተደላድለው ሳይቀመጡ አለቀ፤ ዋናው ጉዳያቸው ምን ላይ እንደደረሰ ግን ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10ም በተራው ተሰናበተ፤ ለተመዘገበ ተጠቃሚ ከተመቻቸው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ በቀር የደኅንነት ጥገና አይደርሰውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት የእሷን ማሽን አይቀበልም፤ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚያንሱትንም አይቀበልም። እየሠራ ያለ ማሽን በደብዳቤ ጡረታ ሲወጣ ማየት ያናድዳል። ለጊዜው ማሽኗን ከኢንተርኔት ለይተናታል፤ ኢሜይል የሚላክላቸውን ሰዎች በስልኳ ታስተናግዳለች። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ሳይፈተሽ አይከፈትም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ፋይሉን ወደ ውጭ ዲስኩ ትገለብጣለች፤ ዲስኩንም ማታ ማታ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ደወለችልኝ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ መንቀራፈፍ ጀምራለች አለችኝ። ሱቁ ውስጥ የቆመ አንድ ወጣት ምን እንዳላትም ነገረችኝ፤ ያችኑ የምታውቋትን ቃል ነው ያላት። ክዳኑን እንድትፈታው ነገርኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ስትፈታው፣ ብሎኑ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ይሰማኛል።

«ኧረ ጉድ» አለች፤ «አሁንም ሩዝ ነው።»